ቁርጥ

በቤርሼባ ሲኒማ ቤት፣ አዳራሽ ሦስት፣
ከወንበር ሥር እጠርጋለሁ፣ ሌሊት በስድስት።
ያን ፊልም ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አላየሁትም፤
ማክሰኞ መጨረሻውን፣ ሐሙስ መሀሉን፣
መጀመሪያውን ግን ገና አልደረስኩበትም።
ትኬት የቆረጡትም ከእኔ አይሻሉም፤
ፊልም ቆራጩ አስቀድሞ በትኖታል ሁሉንም።

ሦስት ሌቦች ናቸው፣ አንድ የአልማዝ ከረጢት።
ባለ ቢጫ ሹራቡ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ይወጋል፤
ማሽኑ ይዞራል፣ አንሶላው ይዞራል፣ አረፋው ይቀላል።
ገዳዩ ለማድረቂያው ሳንቲም ይጎድለዋል፤
የሟቹን ኪስ እየዳበሰ
«ዝርዝር አለህ?» ይለዋል።
ሰዉ ይስቃል።
እውነቴን ነው፤ መጥረጊያዬን ይዤ ሰማሁ፤ ሰዉ ይስቃል።

መጨረሻ ላይ ደግሞ፣
(በፊት የሆነ ነው፣ ቆይቶ ገባኝ)
ሟቹ ከገዳዩ ጋር ሐብሐብ ይበላል፣ በዚያው ቢላ፣
በረንዳ ላይ፣ በመጋረጃው ጥላ፣
ፍሬውን እየተፋ፣ እየሳቀ፤
መብራት በራ። ፊልሙ አለቀ።

በር ላይ ትኬት የሚቀድ፣ ኖአም የሚባል ልጅ አለ፤
ዩኒቨርሲቲ ይማራል። «ስለ ዕድል ነው» አለ፤
«ጊዜ ክብ ነው ማለቱ ነው። ደሙም ደም አይደለም፣ ቀለም።»
ቀለም መሆኑንማ አላጣሁትም፤
ስንት ወለል ያጠብኩ ነኝ፣
ደም እንዲያ አይለቅም።

እኛ አገር፣ አልኩት፣ ወይዘሮ ድንቄ የሚሏት አልቃሽ ነበረች፤
ከሞቱ ትጀምርና ወደ ሠርጉ ትሄዳለች፣
ከሠርጉ ወደ ወተት ጥርሱ ትወርዳለች፣
ድንገት ደግሞ ትናንት የተዋሰው አካፋ ላይ ታርፋለች።
ቅደም ተከተሉ ጠፋ ያላት የለም፤
ሐዘን እንደ ክር አይተረተርም።

የእህቴን ልጅ፣ አቪሻይን፣ የወጉት በሞተር ሳይክል ጠብ ነው፣
ከኪርያት ጋት አውቶቡስ ጣቢያ ጀርባ።
ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕጉ ከቢላው ጀመረ፣
ጠበቃው ከስድቡ፣
ዳኛዋ ከልደት ቀኑ።
እህቴ ተራዋ ሲደርስ ከቁርሱ ጀመረች፤
«ሳይበላ ወጣ» አለች።
አስተርጓሚው ያንን ዘለለው።
ለፍርዱ አይጠቅምም ብሎ ነው።

እኔም በአውቶቡስ ስመለስ እቆርጣለሁ፤
ስልኩ ከመጮሁ በፊት ያለችውን ሰንበት አምጥቼ
ከመጨረሻው እሰፋታለሁ፤
አቪሻይ የእኔን ጫማ አድርጎ እንደ እኔ ሲራመድ፣
ቤቱ ሁሉ ሲንከተከት።
ስፌቱ እስከ ጠዋት አይቆይም።

ስለዚህ የእኔ ትርጉም ይኸው፤ ኖአም ቢስቅም ይሳቅ።
ዳይሬክተሩ ሐብሐቡን ከመጨረሻ ያኖረው አዝኖ አይደለም፣
ሟቹን ከሞት ለማስጣልም አይደለም።
እኛን ሊይዘን ነው፣ እያወቅን ዝም ስንል።
ቁርጡን ያወቀ ወንበር ላይ ተደላድሎ፣
ቁርጡን ያላወቀ ሐብሐብ ይቆርጣል፣ «ጣፋጭ ነው» ብሎ።

ዛሬ ሌሊት ሰዉ ሲወጣ፣
ኖአም እጁን ወደ ማብሪያው ሲሰድ፣
ቆይ፣ አልኩት። ስሞቹ ይለፉ። አንድ ደቂቃ።
በጨለማ ቆምን።
ከዚያ መብራቱ መጣ፤
ስጠርግ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ሥር አንድ እፍኝ ፍሬ ወጣ።
የሱፍ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሰዉ እያየ የሚቆረጥመው።
ጎንበስ ብዬ ግን ዳሰስኩት፣
ምናልባት እርጥብ እንደሆን ብዬ።