አራተኛ ፎቅ፣ ሐዴራ

ማቀዝቀዣችን ውስጥ ድንበር ነበረ፣
በቃል ያልታወጀ፣ ግን የተከበረ፤
ከላይ የእኔ ቢራ፣ የእኔ ዓሣ በሳህን፣
ከታች የእሷ እርጎ፣ የእሷ ወጥ በክዳን።
ልጆቹም ለምደውት፣ እጅ ሊሰዱ ሲሉ
"ይሄ የማን ነው?" ብለው ይጠይቃሉ።

እኔ ፋብሪካ ስሄድ ለሌሊት ፈረቃ፣
እሷ አሮጊት ልታጥብ ጎህ ሲቀድ ስትነቃ፣
ደረጃ ላይ ነበር የምንተያየው፤
"ኪራዩን ላክህ ወይ?" "ልኬዋለሁ።" ይኸው።
ይኸው ነበር እንግዲህ ትዳር ብለን ያልነው።
አሥራ ሦስት ዓመት።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ፣ አውቶቡስ በማይሠራበት፣
በእግሯ ሄደች አትጠገብ፣ ሰው ወደ ነገራት ቤት፣
ከጎማ ጠጋኙ በላይ፣ ጠባብ ደረጃ ያለበት፤
ሃያ የላስቲክ ወንበር፣ አንድ የታጠፈ ጠረጴዛ።
"የሹዋ" የሚሉትን ጌታ፣ ኢየሱስ ብላ ይዛ
ተመለሰች ማታ።

ታላቅ ወንድሟ ሰማ፤ ስልኳን ማንሳት ተወ፣
የፋሲካውን ማዕድ ያለ እኛ ቆረሰው፤
እናቷም አለቀሱላት፣ በቁሟ እንደ ሞተ ሰው።

እኔስ? እኔ ጠበቅሁ።
ስብከት ጠበቅሁ፣ ግሣጼ፣ የጠርሙሶቼን ቁጥር፣
"ንስሐ ግባ" የሚል ወረቀት ከትራሴ ሥር።
ምንም።
ግን አንድ ንጋት ገብቼ ማቀዝቀዣውን ብከፍት፣
ቢራዬ ከእርጎዋ ጎን፣ ዓሣዬ ከወጧ ፊት።
ድንበሩ ፈርሷል።

"ማን ነካው?" ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ ነቁ።
"እኔ ነኝ" አለችኝ፤ "ያኔም ያሰመርኩት፣ ዛሬም ያጠፋሁት፤
ያን ጊዜ በኪራዩ ጠብ
ቂሜን እንደ ትርፍ ወጥ ከድኜ ያስቀመጥኩት።
ይቅር በለኝ።"

ለስድብ መልስ ነበረኝ፤ ለይቅርታ ግን አጣሁ፣
አፌ ላይ የመጣውን እንዲያው ዝም ብዬ አወጣሁ፦
"ጌታሽ ደግሞ ምን አገባው በእኔ ዓሣ?"
ሳቀች። የረሳሁት ሳቅ ካንቀላፋበት ተነሣ።
"ዓሣማ ያውቅበታል" አለች፤ "ገሊላ እኮ ቅርብ ነው፣
በመኪና አንድ ሰዓት።"

ያን ቀን አላመንኩም። ሰው እንዲያ አይቀየርም።
ክረምቱ አለፈና፣ ብርቱካኑ አብቦ ሲሸት፣
በግድግዳው በኩል ስሜን ሰማሁ አንድ ሌሊት፤
ክስ የሌለበት ስም፣ ስሞታ ያልታከለበት።
እናቴ ብቻ ናት እንዲያ የጠራችኝ።
በቀጣዩ ቅዳሜ ሃያ አንደኛ ወንበር ፈለጉ።

ዛሬም እንጣላለን፤ መብራት፣ ውሃ፣ ግብር።
ቁጣ ከፀሐይ ጋር ይጥለቅ ተብለናል፣ አብረናት እንዳናድር፤
የእኔ ፈረቃ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።
ስለዚህ ደረጃው ላይ፣ በዚያው በኪራዩ ቦታ፣
ምሳ ዕቃዬን እንደያዝኩ፣ በጥድፊያ፣ በችኮላ ይቅርታ።

የከበደኝ ኢታይ ነበር።
አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ጆሮው በሙዚቃ የተደፈነ፤
አንድ ቀን እጄ ያረፈበት ጉንጩ ዛሬ ጺም ያበቀለ።
አባት ልጁን "ይቅር በለኝ" ሲል በአማርኛ አልሰማሁም፤
ታናሽ ድንጋይ ይሸከማል፣ ሽማግሌ ይላካል፤
ታላቅ ሲበድል ግን ቃሉን ከየት ያመጣል?
በእሱ ቋንቋ ሞከርኩት፤ አውቶቡስ ላይ የሰው እግር ሲረገጥ
የሚባለውን ትንሽ ቃል፦
"ስሊኻ።"
"ማ?" አለኝ፣ አንዱን ጆሮ ነቅሎ።
"ስሊኻ። ለዚያ ቀን። ለጥፊው።"
አየኝ። ጆሮውን መልሶ ደፈነ።
ወደ ሥራ ወረድኩ።

ንጋት ላይ ተመልሼ ማቀዝቀዣውን ብከፍት፣
ግማሽ ሽኒጸል በሳህን፣ ስም ያልተጻፈበት፣
ከነሹካው።
ቆሜ በላሁት፣ ቀዝቃዛውን፣ በሩን እንደ ከፈትኩ፣
ፍርፋሪው ሳይቀር በጣቴ ለቀምኩ።
ከመኝታ ቤት አትጠገብ፦
"መብራት ይቆጥራል፣ ዝጋው።"