ያልተመለሰ

ፀሐይ በማትወጣበት ወር፣ ቀትር ላይ ፋኖስ አብርተን
ከፊዮርድ ፊዮርድ እንዞራለን፣ መጽሐፍ በጀልባ ጭነን።
ቶርሌፍ መሪውን ይይዛል፣ እኔ መዝገቡን፤
ማን ምን እንደወሰደ፣ የሚመልስበትን ቀን።

ከሁሉ አንድ መጽሐፍ አለ፣ ጀርባው በፕላስተር የታሰረ፣
ከእጅ እጅ ሲንከራተት ስምንት ክረምት የኖረ።
ስለ ሞቱ ሰዎች ነው፤ ግን አያስለቅስም ይላሉ፤
በውስጡ ሙታን አጥር ይቀባሉ፣ ድንች ይልጣሉ፣
ለዘገየ እንግዳ በር ገርበብ አድርገው ይጠብቃሉ።

አንባቢዎቼ ዝምተኞች ናቸው፤ ስለ ነፋሱ ነው የሚያወሩት።
እርሳስ ሲጨብጡ ግን ሌላ ሰው ናቸው፤ ኅዳጉን ሞሉት።

ጉንቮር፣ ባሏን ከነመረቡ ባሕር የበላባት፣
ገጽ አርባ ላይ ጽፋለች፣ በቀጭን ጽሕፈት፦
«እዚያም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል? ካልሸተተ በምን አውቀዋለሁ?»
ከሥሩ ሌላ እጅ፦ «አይዞሽ፣ በሳሉ»።
የማን ጽሕፈት እንደሆነ አውቃለሁ፤
ግን እተወዋለሁ።

የሰባት ዓመቷ ሲኔ አንዲት ቃል ብቻ፦ «ውሻስ?»
መልስ ስታጣ ራሷ ሳለችው፣ ከባዶው ገጽ ግርጌ፣
አንድ ጆሮው ረጅም፣ ጅራቱ ከወረቀቱ የሚያፈተልክ።

ፓስተሩ ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ አነበበው።
«ትምህርቱ ስሕተት አለበት» አለኝ፣ ሲመልሰው።
ደጅ ደርሶ ዞረና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ሁለተኛ ክፍል አለው?»

ኦድቫር ግን፣ የድሮው መምህር፣ ሚስቱን በቀበረ ባመቱ
ቀይ ብዕር መዘዘ። መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በጉልበቱ፣
«ውሸት» ብሎ ጻፈ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ።
ሁለት ነጠላ ሰረዝም አርሟል በዚያው፤
መምህር መቼም፣ ቢያዝንም፣ ሳያርም አይመለስ።

ከዚያ ኤይለርት ወሰደው፣ የአሳ ፋብሪካው መዛኝ፣
ከግራም በቀር በምንም የማይምል፣ የማይዳኝ።
ሳንባው ደክሞ ተኝቶ ነበር፤ እኔ ግን አላወቅሁም።
ቀኑ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ላክሁ፦ «መጽሐፉን አልመለሱም»።
ደብዳቤዬ የደረሰው
በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው።

እኅቱ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችው።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ የታጠፈ ደረሰኝ አገኘሁ፦
አሥራ አራት ኪሎ አሳ፣ የተጣራ።
እዚያ ላይ ቆሟል። ሰባ ገጽ ሲቀረው።
ደረሰኙን አላወጣሁትም። ከእሱ በኋላ ያነበቡትም አላወጡትም፤
እዚያ ሲደርሱ ያነሡታል፣ ኪሎውን ያያሉ፣
እንደነበረ አጥፈው ይመልሱታል፣ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ ያህል።

ወሬው ኦድቫር ጆሮ ደረሰ። በታኅሣሥ ውርጭ፣ ያለ ባርኔጣ፣
ወደ ጀልባው እያነከሰ መጣ።
«ስጪኝ» አለ። «ደግሞ ልታርመው?» አልሁት።
«ሰውን ምዕራፍ መሃል ጥሎ መሄድ ነውር ነው» አለና ነጠቀኝ።

መቃብሩ ከወደቡ በላይ ነው፤ ከጀልባው ይታያል።
በረዶውን በጫማው ጠረገ፣ መነጽሩን ወለወለ፣
ደረሰኙን ኪሱ ከቶ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ቀጠለ፣
ኋላ ወንበር ላይ ላለ፣ ጆሮው ለደከመ ልጅ እንደሚያነብ።
ነፋሱ ግማሹን ቃል ይነጥቀዋል፤ እሱ ይደግመዋል።
ቶርሌፍ ሞተሩን አጠፋ። ሰዓቱን አላየም።
እንዲህ አርፍደን አናውቅም።

ሲወርድ አፍንጫው ቀልቷል።
«አሁንም ውሸት ነው» አለኝ፣ ደረሰኙን ቦታው እየመለሰ፤
«ፍጻሜው ግን
በደንብ ተጽፏል።»

መዝገቡን ገለጥሁ። በኤይለርት ስም ትይዩ
ማኅተሙን መታሁ፦ «ተመለሰ»።
ቀለሙ እስኪደርቅ ቃሉን አየሁት።
ምኑ? መዝገብ አይጠይቅም፤
እኔም አልጨመርሁበትም።