ሁለት ቴስታታ

ከጋሽ ቱፋ ጋራዥ፣ ከብረት ጠረጴዛው ላይ፣
ሁለት ቴስታታ ተጋድሟል፣ አፉን ከፍቶ ወደ ሰማይ፤
ሁለቱም የላዳ፣ ከታክሲ የወጡ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ቤንዚን ሲጠጡ፣ ሲያጡ።

አንዱን ጋሽ ቱፋ ፋቀው፣ መስታወት አስመስሎ፤
ጉሮሮውን አሰፋው፣ ጥጉን ሁሉ ቀርፎ ጥሎ፤
ባትሪ አብርተህ ብታይ ጥርስህን ታያለህ፤
«ከዚህ ወዲያ» ይላል፣ «ምን ልጨምርልህ?»

ሌላው የኔ ነው።
ጠባብ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ብቻ የዳበስኩት፣
ግማሹን ሻካራ ለቤንዚኑ ጠብታ የተውኩት።
ከቫልቮላው አንገት፣ ከመታጠፊያው ጋ፣
ጉብታ አለች፣ ለስላሳ፣ እንደ ጥጃ መንጋጋ፤
ሰው ሁሉ ይፍቃታል፤ እኔ አልነካኋትም፤
«ለምን?» ሲለኝ ያን ቀን መልስ አልነበረኝም።

አሁን ግን አለኝ።
የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ነፋስ ነው ያሳደገኝ።
ሜዳ ላይ ሲለቁት ዞሮ ዞሮ ይተኛል፣
አቧራ ያነሳና እዚያው ይበትናል፤
ከሁለት ግንብ መሀል ጠባብ ሰርጥ ሲያገኝ ግን
ከነጋሪው ያስቆማል፣ የአባቴን ፈረስ እንኳን።
ሹል ጥግ ሲገጥመው ተሰናክሎ ይሽከረከራል፤
ክብ ከሆነለት ግድግዳውን ልሶ ያልፋል።

መለኪያችን፦ የተጣለ ቫኪዩም ሞተር፣
ከጤና ጣቢያ የለመንኩት የግሉኮስ ቱቦ፣
ቀይ ቀለም የነካ ውሃ፣ ከጣውላ የታሰረ በሽቦ።
ቫልቮላውን ሁለት ሚሊ፣ አምስት፣ ስምንት ከፈትን፤
ከጎረቤት የመጣው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፤ እኛም ያዝን።
ውሃው ለሱ መሰከረ።
በስምንት ሚሊ ላይ የሱ አራት ጣት በለጠ፤
ጋሽ ቱፋ ሳቀ፣ ሻዩን በአንዴ ጨለጠ።
«እሺ?» አለኝ።
«መንገዱ ገና አልተጠየቀም» አልኩት።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ካልተከፈተው አዲስ አስፋልት ዳር፣
አንድ ላዳ፣ አንድ ሹፌር፣ አራት መቶ ሜትር።
የሱን አስረን ለቀቅናት፤ መነሻው ላይ አመነታች፣
ሳል እንደያዘው ሰው ሁለት ጊዜ ተንተባተበች፤
ኋላ ላይ ጮኸች፣ ምድር አንቀጠቀጠች፤ ግን አስፋልቱ አለቀባት።
አሥራ ስድስት ከሰባት።

ፈታን። ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣ፣ ብሎኑ እጅ ያቃጥላል።
የኔን አሰርን፤ አዲስ ጋርኒሲዮን፣ ያው ካንዴላ፣ ያው ካርቡራቶር።
ሹፌሩ ፍሪሲዮን ሲለቅ ተወረወረች፤
ያልተጠበቀ ስድብ ከአፍ እንደሚያመልጥ።
አሥራ ስድስት ከሁለት።

ማንም አላጨበጨበም።
ጋሽ ቱፋ ወደ ኮረብታው ዞረ፣
እነዚያ ነጫጭ ክንፎች ቀስ ብለው ወደሚዞሩበት።
«ነፋሱ ከኋላሽ ነበር» አለኝ።
ሊሆን ይችላል። ነፋስ ለማን እንደሚያዳላ ማን ያውቃል?

ሰኞ ስገባ ግን፣
አዲስ ቴስታታ ጉልበቱ ላይ፣ መፋቂያው በቀኝ እጁ፣
የግራ አውራ ጣቱ ወደ ጉሮሮው ገብቶ
ከመታጠፊያው ጋ ቆመ።
ዳበሳት። ደግሞ ዳበሳት።
ማብሪያውን አልነካም።