ላልቶና ጠብቆ

በነሐሴ ዶሃ መስኮት የሚያልበው በውጭ በኩል ነው፤
ውስጡ ብርድ ነው።
ጋኒም በስድስት ዓመቱ ጓንት አጥልቆ ይተኛል፣
ሌሊት ጓንቱን በጥርሱ ያወልቅና ክርኑን ያደማል።
እኔ ከአልጋው ግርጌ፣ ፍራሼ ላይ፣ በጆሮዬ ነው የማድር፤
ከአንሶላ ኮሽታ እለየዋለሁ የጥፍሩን ድምፅ፣
ቆዳ ሲቆፍር።

ደብተር አለኝ፣ ከሕንዱ ሱቅ በሁለት ሪያል የገዛሁት፣
ሦስት ዓመት ማታ ማታ የጻፍኩበት።
«ማክሰኞ። ዓሣ በላ። ምንም የለም።
ረቡዕ። የጎረቤት ሐልዋ። ከንፈሩ አበጠ፣ ትንፋሹ ፉጨት ሆነ።
ሐሙስ። አቧራ። ዓይኑ እስከ ዙህር አልተገለጠም።»
በአማርኛ ነው፤ ሌላ ፊደል አልሞላልኝም፣
ሰው ያነበዋል ብዬም አልጻፍኩም።

ሐልዋው ሰሊጥ ነበረው።
ጆንያውን ገበያ አይቼዋለሁ፣ የሁመራ ነው፣
ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ እንደኔው።
እኔን ልጁ አቀፈኝ፤
እሱን ግን ደሙ እንደ ሌባ ደበደበው።

ዶክተር ኢጅላል፣ ሱዳናዊቷ፣ እናቱን ጠየቀች፦
«መቼ ጀመረው? ከምን በኋላ? የቱ ጋ ቀድሞ?»
ማዳም ወድሓ ዞራ እኔን አየች።
ደብተሬ ከፍራሽ ሥር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የዋለው ያን ዕለት ነው፤
በተሰባበረ ዓረብኛ አነበብኩ፣ ሐኪሟ ጻፈች፣
አንዳንዴም እጇን አንስታ
«በቀስታ፣ እህቴ» እያለች።

ደሙን ወሰዱ። ዐሥር ሳምንት ጠበቅን።
ከዚያ እንዲህ አለችን፦
በልጁ ደም ውስጥ መጽሐፍ ተጽፏል፣
ከሦስት ቢሊዮን ፊደል አንዱ ተዛብቷል።
«ዘበኛው ክፉ አይደለም፣ ትዕዛዙን ሲያነብ ነው የሚስት፤
እንግዳ ሲመጣ ይመስለዋል ጠላት።
እስከዛሬ የሰጠነው ዘበኛውን ሁሉ ያስተኛል፣
ለእሱ የተመረጠው መርፌ ግን
አንዱን ጩኸት ብቻ ዝም ያሰኛል።»

ማዳም ግንባሯን ቋጠረች። እኔ ገባኝ።
ከሚሴ፣ አራተኛ ክፍል፣ መምህር ይመር
በጠመኔ እንዲህ ጽፎልን ነበር፦
አላልታችሁ ስታነቡት፣ ልጁ ይበላል።
አጥብቃችሁ ስታነቡት፣ ልጁ ይበላል።
ሳቅን፤ ጅብ መጣ ብለን ጮኽን።
ፊደሉ ያው ነው፣ ምልክት የለውም።
ዓረቡ ሸዳ አለው፣ ከፊደሉ አናት እንደ ትንሽ ዘውድ የሚቀመጥ፤
የእኛው ግን ጆሮ ይፈልጋል፣
ከሚናገረው ሰው ጋር አብሮ መቀመጥ።

የጋኒም ደም ላልቶ የተጻፈውን አጥብቆ ያነብ ነበር፤
ስድስት ዓመት ሙሉ
ልጁ ሲበላ፣ ልጁ ሲበላ።

መርፌው በየሁለት ሳምንቱ ነው።
የአንዱ ዋጋ የሦስት ወር ደሞዜ ነው፤
ማዳም ወረቀቱን አጠፈችው፣ እኔ ግን አየሁት።
ከአራተኛው በኋላ አንድ ሌሊት
ጓንቱ እጁ ላይ እንዳለ ነጋ።
እኔ አልተኛሁም፤ ዝምታው ቀሰቀሰኝ፣
ተነስቼ አፍንጫው ሥር እጄን ዘረጋሁ፣
ሞቀኝ።

ልጄ መዲና ሰባት ዓመቷ ነው፤
በስልክ ጉልበቷን አጥፋ ታሳየኛለች፣ እጥፋቱ ቀይ ነው።
ጤና ጣቢያው ቅባት ሰጣት፣ ለሁሉም የሚሰጠውን፣
አንዱን።

አርብ ዕለት አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ ሦስት ሪያል ገብቷል።
እህቴ ታወራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መስመሩ ይቆራረጣል።
«ቅዳሜ። የሽምብራ እሸት። ማታ አላስተኛትም።
እሁድ።»
እሁድስ?
ምን በላች? አይሰማም እህቴ፣ ድገሚልኝ፣
ምን በላች?
የቱ ጋ በላት?