ሰባት ድረስ መቁጠር

ፑንታ አሬናስ ላይ፣ ነፋሱ ሲበረታ፣
ገመድ ይወጠራል በየመንታው ቦታ፤
አሮጊት፣ ወታደር፣ ቦርሳ ያዘለ ልጅ
በሱ ይሻገራል፣ እየለዋወጠ እጅ በእጅ።
ገመድ አይጎትትም። ገመድ አይሸከምም።
ማዶ ለደረሰው «እኔ ነኝ ያሻገርኩህ» አይልም።
ይህንን ለማወቅ፣ እዚሁ ተወልጄ፣
ሃምሳ ዓመት አለፈኝ፣ ገመዱ በእጄ።

ያስተማረችኝም የአሥር ዓመት ልጅ ናት፣
ምላሷ የማይታዘዝ፣ አንገቷ የሚከዳት።
ያድራንካ ትባላለች።
በዓይኗ ታወራለች።
ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ላይ ፊደል ጽፈን፣
በፊቷና በፊቴ መካከል አቁመን፣
እሷ ታያለች፤ እኔ እከተላለሁ፤
ያረፈችበትን ፊደል ከዓይኗ እለቅማለሁ።
አንድ ቃል እስኪሞላ ሻይ ይቀዘቅዛል፤
ቃሉም አንዳንድ ቀን ስድብ ሆኖ ይገኛል።

ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣ መምህር ኤሊሴዮን በር ላይ እጠብቃለሁ።
«ዛሬ ምንድን ነው?» «ክፍልፋይ።» ካርቶን እቆርጣለሁ።
ጠረጴዛዋን በሁለት መዝገበ ቃላት አዘነብላለሁ፤
ክንዷ ሳታዝዘው ተወርውሮ ወረቀቱን እንዳይጠርገው
አራቱንም ጥግ በፕላስተር አስረዋለሁ።
ከዚያ ከልጅ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬ ሥር፣
ቁጭ። እንግዲህ ትምህርት ይጀመር።

መጋቢት ነበረ፣ ክፍሉ ቀለም ቀለም ሲሸት።
«ሦስት ሩብ» አለ መምህሩ፣ «እና ሁለት ሲሶ፤
የቱ ይበልጣል? ያድራንካ?» ፊቱን ወደ እኛ መልሶ።
ዝም አለች። ክፍሉም ዝም። እኔ ዝምታ አልችልም፤
ክንዷን ከክርኗ አነሣሁ፣ ማንም አላየኝም፣
ሦስት ሩብ ላይ አኖርኩላት።
«ጎሽ!» አለ መምህሩ። ልጆቹ አጨበጨቡላት።
እሷ ዓይኗን ጨፈነች።
እስኪደወል አልከፈተች።

ዓይን የጨፈነ ልጅ አንቀላፋ ይባላል።
የሷ ዓይን ግን አፏ ነው።
አፏን ነበር የዘጋችው፣
እኔ ቀድሜ ስለዘጋሁት።

በነጋታው ሰሌዳውን ሳነሣ ሁለት ቃል ጻፈች።
ሻዬ ቀዘቀዘ።
«የኔ እጅ።»

ከዚያ ወዲህ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ቁጥር የተማርኩት።
ጥያቄ በተጠየቀች ቁጥር፣ በሆዴ፦
አንድ። ብራውሊዮ መልሱን ሊጮኸው ይቁነጠነጣል።
ሁለት። የጣሪያው ቆርቆሮ ያፏጫል።
ሦስት፣ አራት። መምህሩ ወደ እኔ ያያል፣ «ገብቷታል?» ሊለኝ፤
እኔ ጫማዬን አያለሁ። እሷን ጠይቃት እንጂ፣ ምን አገባኝ!
አምስት። ሁለት እጆቼ ላይ ተቀምጫለሁ፤
እንደ ሌባ እጅ አላምናቸው፣ አውቃቸዋለሁ።
ስድስት፣ እና

ዓይኗ ተነሣ።
ቀስ ብሎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ዞረ፣
ሁለት ሲሶ ላይ ሰፈረ።
ተሳሳተች።

የራሷን ስህተት! ማንም ያላበደራት፣
ማንም በክርኗ ይዞ ያልመራት።
«አይደለም» አላት መምህሩ፣ ብራውሊዮን እንደሚለው፣
ማር ሳይቀባው። «ለምን መሰለሽ? እስቲ ካርቶኑን ደራርቢው።»
ሳቀች፤ በመላ አካሏ፣ ጋሪዋ እስኪንቋቋ፣
ፕላስተሩ ከነወረቀቱ ተነቅሎ እስኪወድቅ።
ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም።
እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ኅዳር ነው። ወንበሬ ከወንበሯ ሁለት ክንድ ርቋል።
በእረፍት ሰዓት ሰሌዳውን ብራውሊዮ ይይዝላታል፤
ይጣደፋል፣ ፊደል ይዘላል፣ በቅንድቧ ትገሥጸዋለች፤
ለኔ እንዲህ ታግሣ አታውቅም፣ ለሱ ደግማ ትጽፍለታለች።
ዛሬ ሁለቱም ወደ እኔ አይተው ፈነዱ በሳቅ።
ምን ብላው ይሆን? ልነሣ? ልጠይቅ?
አንድ። በመስኮቱ በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ፣
ገመዱ ማንም ሳይዘው ይወዛወዛል።
ሁለት።
ሦስት።