በየብስ የሄደች ጀልባ

ሐይቁን በራሷ ጉልበት ማቋረጥ አቅቷት፣
ሞተሯን እምቦጩ ጠምጥሞ አንቆባት፣
ሰባት ሜትር ብረት፣ ሆዷን ዝገት በልቷት፣
አላምረው ሳይነጋ በሬን አንኳኳና
«ጎርጎራ አድርስልኝ፣ በመኪና ጎዳና፤
ባታቋርጠውም ትዙረው» አለና
ኮፍያውን አወለቀ፣ ጥቂት ተቸገረ።
ጭነቱስ የጀመረው ያን ጊዜ ነበረ።

ከጋሽ ወንዳጥር ብየዳ ቤት ተዋስን ተጎታች፤
በአሥራ አንድ ሰው ትከሻ ከጭቃው ወጣች፤
መንጠቆውን ዘጋሁ፣ ቁልፉን አጠበቅሁ፣
ሰንሰለቱን በመስቀል አጣምሬ አሰርሁ።
ቢያድግልኝ ከኋላዋ ቀይ ፌስታል አንጠለጠለ፣
«ባንዲራዋ ይኸ ነው፣ ተመዝግባለች» እያለ።
ጋሽ ወንዳጥር ግን አልሳቀም።
የመነጽሩን ጭረት በአውራ ጣቱ እያሸ፣
«ስትወዛወዝ ፍሬን እንዳትይዝ። አትጣላት።
ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አርገህ ያዝ፤
ራሷ ትበርዳለች» አለኝ።
እሺ አልሁ፣ የሰማሁ መስዬ።

ዓባይ ድልድይ ላይ ጉማሬ ሊያይ የቆመው ሁሉ
ፊቱን ወደ እኛ አዞረ፤
አንዱ «ጣና ደረቀ ወይ?» ብሎ ተጣራ።
ሐሙሲት ላይ ትራፊኩ እጁን ዘረጋ፣
ጀልባዋን ሁለቴ ዞራት፣ የጎኗን ዝገት በጥፍሩ ወጋ።
«ታርጋዋስ?»
«የላትም።»
«ካፒቴኑ ማነው?»
አላምረው ጋቢና ውስጥ እጁን ከፍ አደረገው።
ሳቁን በፉጨት ዋጠና፣ «ሂዱ፣ ቀስ በሉ» አለን።
ቀስ አልን። አንድ ነገር ግን ዘንግተን፤
ሞተሯ ያለው ከኋላ ነው፣
ክብደቷም ሁሉ ከኋላ።

ጉማራ ሳንደርስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣
መጀመሪያ ጣቴን ነዘረኝ፣
ከዚያ ወገቤን፣
ከዚያ በመስታወቱ አየኋት፤
ግራ ትላለች፣
ቀኝ ትላለች፣
አስፋልቱን ሐይቅ አድርጋው
ትቀዝፋለች።
የምጎትታት ጎተተችኝ።
ሚኒባስ ክላክሱን እየነፋ ጥግ ያዘ፣
የሩዝ ጆንያ የጫነች አህያ ከነባለቤቷ ቦይ ውስጥ ገባች፣
እግሬ «ፍሬን! ፍሬን!» ይላል፤
አላምረው ወደ ኋላ ዞሮ
«አይዞሽ» ይላል፤
ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ።

ፍሬን አልያዝሁም።
ዘንድሮ ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ
ይኸ ያልሠራሁት ነው።
ነዳጁን ለቀቅሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝሁ፣
እየቆጠርሁ፣ ስንት ላይ እንደደረስሁ ሳላውቅ፤
ጭራዋን ቆላች፣ ቆላች፣
ደከማት።
በረደች።

ፎገራ ሜዳ ላይ ቆምን፤ ሩዙ ውኃ ውስጥ ቆሟል፣
ማንም ምንም አላለም፣ የሦስታችንም አፍ ደርቋል።
ሞተሩን ፈታን፣ ከቂጧ ወደ አፍንጫዋ አሻገርን፣
ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ለቅመን ጨመርን።
ዘይቱ የአላምረው ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ፤ አልጠረገውም።
«ከባዱን ከፊት ማድረግ ነው» አለ ቢያድግልኝ፣
ፌስታሉን እንደገና እያጠበቀ፤
ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱም አላወቀ።
ርብን አለፍን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራንዝን፤
ከዚያ ወዲያ አንድም ጊዜ ስሟን አልጠራም፣
ተኝቶ ነበር፣ አፉን ከፍቶ።

ጎርጎራ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ውኃው ወርዳለች።
ተጎታቹን በኋሊት ሐይቁ ውስጥ ነከርሁት፤
ያቺ አሥራ አንድ ሰው ያለፋች ብረት
በአንድ ጣት ተገፍታ ሄደች።
አላምረው ግማሹን በብር ከፈለኝ፣ ግማሹን በአምባዛ፤
አልተከራከርሁም።

በማግስቱ ማታ ብቻዬን ስመለስ
(ቢያድግልኝ አዘዞ ቀርቷል፣ ተጎታቹን ይዞ፣
ጎማ ሊያስለጥፍ) መኪናዬ ቀለለችብኝ፤
ስረግጣት ትዘላለች፣ ነፋስ ይገፋታል።
ኩርባው ላይ ሁሉ ሰፋ አድርጌ እታጠፋለሁ፣
ለሌለ ነገር
ቦታ እየተውሁ።
መስታወቱን አያለሁ፣
ደግሞ አያለሁ፤
ፍሬን ስይዝ ብቻ
ከኋላዬ ሰባት ሜትር ያህል አስፋልት
ይቀላል።