የመጋዘኑ ቁልፍ

እኔ ፕሮክተር ነኝ፤ እንጀራዬ ቁልፍ፣
ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ መዝገብ ላይ የምጽፍ።
ስለ መሪነትማ ምን አውቄ ልናገር?
ግን እዚያ ነበርኩኝ፣ ነገሩ ሲጀመር።

የመጀመሪያው ዓመት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣
ባነር ተሰቀለ፣ ዝናብ እስኪያርሰው።
«የነገ መሪዎች» ይላል በትልቁ፤
ሁለት ቀን ሰልጥነው በሦስተኛው አለቁ።
ምሳቸውን በሉ፣ ፎቶውን ተነሡ፣
ሰርተፍኬት ጠቅልለው ወደ ዶርም ተመለሱ።
ባነሩን ግን እኔ አጥፌ አስቀመጥኩት፣
መስኮቴ ሲሰበር እሱን ወጠርኩበት።

ከዚያ ውሃ ጠፋ።

ጅማ ላይ! ሰማዩ ሌት ተቀን እያፈሰሰ፣
አዌቱ በድልድዩ ሥር ጭቃ እያግበሰበሰ፣
የብሎክ ዘጠኝ ቧንቧ ትንፋሹን ዋጠ፤
ሲከፍቱት አፏጨ፣ ሲዘጉት አላገጠ።
ቦቴ መጣ ሲባል፣
ቢጫ እባብ ሆነ የጄሪካኑ ሰልፍ፣
አቅም ያጣው ቆሞ፣ ጉልበት ያለው ሲያልፍ።
ሰርተፍኬት የያዙት ደብዳቤ አረቀቁ፣
በደብዳቤው ሐረግ ሦስት ቀን ተናነቁ።

ኢፍቱ ግን ቆጠረች።
ከሶኮሩ የመጣች፣ የነርሲንግ ተማሪ፣
ድምጿ የማይሰማ፣ ሁልጊዜ አቀርቃሪ፤
ካርቶን ቀዳደደች፣ ቁጥር በከሰል ጻፈች፣
በየጄሪካኑ ጆሮ በክር እያሰረች።
«የታመመ ካለ እሱ ይቅደም» አለች፤
የራሷን ጄሪካን መጨረሻ አኖረች።
መብራት እንኳ በሌለ፣ በዚያ ጨለማ አዳር፣
ሁለት መቶ ሰው ቀዳ፣ ያለ አንዲት ግርግር።

መምህር ዋቅቶላ ጃንጥላ ይዞ ሁሉን ሲያይ ነበር።
ሲነጋ መጣና «ቁልፍ» አለኝ፣ «የመጋዘኑን»፣
አሮጌ ፍራሽ የሞላውን፣ አይጥ የወረሰውን።
ፍራሹን አውጥተን ጠረግን። ሰባት ልጆች መጡ፤
ወንበር አልነበረም፣ ጄሪካን ላይ ተቀመጡ።
ባነር የለ፣ አበል የለ። አንድ ደብተር ብቻ፤
ገጹን ስትገልጠው፣ በኢፍቱ ጽሑፍ፦
ወረፋ ሳትቆም፣ ስለ ወረፋ አታውራ።
ከአንድ ወር በላይ ማንም ሰው አይምራ።

ቀላል እንዳይመስልህ። የአጋሮው ነስረዲን፣
ተራው ወር ሲያበቃ፣ ደብተሩን አቅፎ እምቢ አለ።
«ሥራው አላለቀም!»
«ማን ጨርሶ ያውቃል?» አለችው ፍሬሰንበት፣
«ስለማያልቅ እኮ ነው የምንረካከበው።»
እስከ እኩለ ሌሊት ተጨቃጨቁ።
ልቆልፍባቸው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።
በመጨረሻ ሰጠ፤ አኩርፎ ሳምንት ጠፋ፣
ከዚያ ተመልሶ ወለሉን ጠረገ።

በሁለተኛው ዓመት ኻያ፣ በሦስተኛው ስልሳ፤
ከቂጦ ፉርዲሳ ሰው መጥቶ ደብተሩን ኮፒ አነሣ።
አሁን ማህተም አለው፣ በጀት አለው፣
ረጅም ስም አውጥተውለታል፣ አይያዝልኝም፤
እኔ የመጋዘኑ ልጆች ነው የምላቸው።
ባነሩ መስኮቴ ላይ አለ፤ ቀለሙ ለቆ
«የነገ» የሚለው ብቻ ይነበባል።

ኢፍቱ ተመረቀች። «ቻው» አለችኝ ቀለል አድርጋ፣
ቁልፍ መልሶ እንደሚሄድ ሰው።

ትናንት ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
አንድ አዲስ ልጅ መጣ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ፤
ወሩ የሱ ነው። ሲፈርም ቀና አለና
«ይቺ ኢፍቱ የምትባለው ማን ናት?» አለኝ።
ፎቶዋ አዳራሽ የለ፣ ስሟ በር ላይ የለ።
ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አለኝ።
«ወረፋው መጨረሻ ላይ የቆመች ልጅ ናት» አልኩት።
«በል ያዝ ቁልፉን።
ስትወጣ መብራት ማጥፋት እንዳትረሳ።»